ገመድ የምታለብሰው ጠጅቱ

የጎረቤቴን የጠጅቱን ሞት የነገረችኝ ልጄ አቪቫ ናት፣ ያውም በስልክ። ባገራችን ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይላካል፣ ቤት ይከበባል፣ ሰው ተይዞ ቀስ ብሎ ይነገረዋል። እሷ ግን ከሆስፒታሉ ኮሪደር ቆማ ደወለችና «ኢማ፣ እማ ጠጅቱ…» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔ ፖሌግ በሚሉት ሰፈር፣ የማጸዳው ፋብሪካ ውስጥ፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማኋት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ልጄ ያለቀሰችው እንደዚያ ነው፤ ትንፋሿ እየተቆረጠ፣ አማርኛውን ከዕብራይስጡ እያደባለቀች። መጀመሪያ የመጣብኝ ታዲያ ሐዘን አልነበረም። ለእኔስ እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን ወይ የሚል ነው የመጣብኝ። ይቺ ሴትዮ ሞታም አላሳረፈችኝ አልኩ በሆዴ።

ለሞተ ሰው ደግ ደጉ ብቻ ነው የሚወራ። እኔ ግን ጠጅቱን በደግ ደጉ ብቻ ላወራት አልችልም፣ ቀንቼባታለሁ። በሰው ሀብት ቀንቼ አላውቅም፤ በሰው መልክም ቢሆን፣ በደኅናው ጊዜ መልክ ቸግሮኝ አያውቅም። በጠጅቱ ግን አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። ቅናቱ የባሰበት ደግሞ፣ ሳቁብኝ ግድ የለም፣ በቴሌቪዥን ገመድ ነው።

ናታንያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ ሺኩን በሚሉት የመንግሥት ፎቅ ቤት ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ነበርን። በሬን ስከፍት የማየው በሯን ነው። እኔ ከባሌ ከመልኬና ከአንዲቷ ልጄ ጋር፣ እሷ ብቻዋን። ባሏ ገና ካገር ሳትወጣ ሞቶባታል፣ ልጅም አልወለደች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጣቷ እንደ ወንድ ጣት የጠነከረ ሴት ነበረች። ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። የበር ደወል አትነካም፤ በወስፌዋ እጀታ ቷ ቷ አድርጋ ነው የምታንኳኳ። ወስፌና ስፌት ከእጇ አይለዩም። ኩፓት ሆሊም በሚሉት ክሊኒክ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ እንኳ በፌስታል ይዛው ትሄዳለች፣ ወረፋዋን እየጠበቀች ትሰፋለች፣ ስሟ ሲጠራ «ይቺን ዙር ልጨርስ» ትላለች።

ሰው ቤት ገብታ ሰፌድም ሆነ ሙዳይ ካየች፣ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። «ፊቱንማ ማንም ያሳምረዋል» ትላለች። ገና የተዋወቅን ሰሞን የኔን ሌማት እንዲሁ ገለበጠችብኝ። አገላብጣ አየችና «ጎሽ፣ ብርቄ» አለችኝ። እኔን! ባገራችን መንደር የኔን ስፌት የሚያህል አልነበረም፤ ሙሽራ ስትዳር የሚፈለገው የኔ እጅ ነው። ጎሽ ባይ ማን አደረጋት? ሳቅ ብዬ አለፍኩ እንጂ ያን ለት ምሳዬ አልዋጥ አለኝ።

እኔ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ይዤ ለጽዳት እወጣለሁ፣ የምገባው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። አቪቫ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ጠጅቱ ትገባለች። በልታ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ አገኛታለሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ፣ እኔም መጀመሪያ መርቄ አልጠግብም ነበር። ኋላ ግን ልጅቷ ነገር ታመጣ ጀመር። እማ ጠጅቱ ወጡን እንዲህ አይደለም የምታደርገው፤ እማ ጠጅቱ ተረት ስታወራ ቀስ ብላ ነው፤ እማ ጠጅቱ አትጮህም። እኔን እንደዚህ አገር ልጅ ሁሉ በዕብራይስጥ «ኢማ» ነው የምትለኝ፤ ባገራችን አፍ «እማ» የተባለችው ጠጅቱ ናት። ለመልኬ ብነግረው «ያው እናት ማለት ነው፣ ምን ትቆጥሪያለሽ» ብሎ ሳቀ። ወንድ ምን ያውቃል።

እንዲህ እያለን ያ ስሱ ቴሌቪዥን መጣ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው። ሰዉ ሁሉ ሆዳሙን አሮጌ ቴሌቪዥን አውጥቶ ደረጃ ሥር እየጣለ ስሱን ገዛ። ከሱቅ የሚላከው ሠራተኛ መጥቶ ግድግዳውን ይበሳል፣ ይሰቅላል፣ ይሄዳል። ገመዱ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመብራቱ፣ የሳተላይቱ፣ የምኑ ሁሉ ገመድ እንደ በግ አንጀት ተዘርግፎ ሳሎኑን ያበላሸዋል። ያላቸው ሰዎች ግድግዳ አሰንጥቀው ገመዱን ውስጥ ያስቀብሩታል። የኛ ቤት የመንግሥት ነው፣ ግድግዳ መሰንጠቅ የለም። ታዓላ የሚሉት ነጭ የፕላስቲክ ቦይ አለ፣ ገመዱን ውጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፤ እሱንም ሞከርነው። ናታንያ ባሕር ዳር አይደለች? ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል፣ ታዓላው ከነቀለሙ ተልጦ ይወርዳል። የኛው አንድ ሰንበት መልኬ ከሥሩ ጋደም ባለበት አናቱ ላይ ወደቀ።

ለጠጅቱም የወንድሟ ልጅ ገዝቶ ሰቀለላት። እሷ ቴሌቪዥኑን ትታ ገመዱን ስታየው ሰነበተች። ከዚያ ወደ ባሕሩ በኩል ካለው ሜዳ ሣር አመጣች፣ ፈተለችው፣ ቀይና ጥቁር ነከረችው። ሜትር የሚባል ነገር አትነካም፤ ግድግዳውን በክንድና በስንዝር ለካችው። እንደ ተሰነጠቀ ሸምበቆ ፊቱ ድፍን፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ረዥም ስፌት ሰፋች። ገመዶቹን በሙሉ ሆዱ ውስጥ አስተኛቻቸው፣ ከኋላ በክር ሸብ ሸብ አድርጋ ትናንሽ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ግድግዳው ቢያልበው አይላጥ፣ ገመድ መለወጥ ቢያስፈልግ ክሩን ፈትቶ ማውጣት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ከቴሌቪዥኑ ሥር እስከ ሶኬቱ የወረደ ሹሩባ ይመስላል።

እሱን ለማየት ሰው መጣ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሴቶቹ ከየሺኩኑ ተጠራርተው መጡ። ከላይ ፎቅ ያለችው ሩሲያዊት እንኳ መጥታ በጣቷ ስትዳስሰው አየሁ። ወዲያው ለኔም፣ ለኔም ሆነ። ጠጅቱ አንዷንም እምቢ አላለችም። መልኬ የኔን እንጀራ እየበላ «የጠጅቱን ግድግዳ አየሽው?» ይለኛል። እኔ አላየሁትም አልኩ፣ በር ለበር እየኖርን። ሴቶቹ ሲጠይቁኝም «ገመድ ነው እንጂ ሙሽራ አይደል፣ ምን መሸፈን አስፈለገው?» አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ወደኔ እንጂ ወደሷ እንዳልነበር ገብቶኛል። አቪቫም እዚያው ነበረች፣ ሰማችኝ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። የሷ ጀርባው ክፍት ነው፣ ቅጥ ያለው ሥራ አይደለም ብዬ ናቅሁት። እኔ ክፍተት የሌለው ልሠራ ተነሣሁ። ስፌት ውስጡ ሣር ይታሰርና በላዩ እየተጠመጠመ እየተወጋ አይደል የሚሄድ? እኔ በሣሩ ፈንታ ገመዱን ራሱን ውስጥ አደረግሁት። ከሶኬቱ ነቅዬ፣ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ በወስፌ እየወጋሁ በአለላ አለበስኩት። ደማቅ፣ ጥብቅ ያለ፣ እባብ የመሰለ ሥራ ወጣኝ። ሲያልቅ ራሴን በራሴ ጎሽ አልኩ። ከዚያ መልኬ ሶኬቱ ላይ ሲሰካው ጧ አለና የቤቱ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ሳሎኑ የተቃጠለ ሣር ሸተተ።

መልኬ ደንግጦ የሮጠው ወደማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ጠጅቱ መጣች፣ ገመዱ መነቀሉን አይታ አነሣችውና በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። የወስፌዬን ቀዳዳ አግኝታዋለች፤ ወግቼ ወግቼ አንዱን ገመዱ ሆድ ውስጥ ሰድጄዋለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። መልኬ «ገመዱ ምን ሆኖ ነው?» አላት። እሷም «ገመዱ ከሱቅ ሲመጣ ነው ክፉ የነበረ፣ ብርቄ ባታለብሰው ኖሮ ሰው ይገድል ነበር» አለችው። መልኬ አመነ፤ እንዲያውም ከመሞት አተረፈችን ብሎ ለሰው አወራልኝ። እኔ ግን ያን ለት ጠጅቱ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አዋረደችኝ ብዬ ልጠላት ስችል፣ ሸሸገችኝ። የሚያስጠላ ነገር እንኳ አትሰጥም እኮ!

ዓመት አልፎ ዓመት መጣ፣ አቪቫ ተዳረች። እሷና ባሏ ኤይን ሀትኽሌት በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራዩ፣ ለሐኑካት ባይት፣ ለቤት ምረቃው፣ ዘመድ ጠሩ። የነሱም ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ መሆኑን ቀድሜ አጣርቻለሁ። ክረምቱን ሙሉ በምሳ ዕረፍቴ፣ ፋብሪካው ማኅሳን ውስጥ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ማለቴ ነው፣ ተደብቄ ስሰፋ ከረምኩ። በዚህኛው ገመድ አልወጋሁም። የጠጅቱን ዓይነት ጀርባው ክፍት አደረግሁት፣ አዎን፣ ወሰድኩባት። ጌጡ ግን የኔ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ እናቴ ለኔ ሠርግ ሙዳይ ላይ ያወጣችው ጥልፍልፍ። ልጄ ቤቷ በገባች ቁጥር እናቷን እንድታይ ነው። ሌላ ምንም አልፈለግሁ።

በነጠላ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወሰድኩት። ስገባ ሳሎኑ ሰው ሞልቶታል። ግድግዳውን አየሁ። የጠጅቱ ቀይና ጥቁር ቀድሞኝ ወርዷል፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶኬቱ። አቪቫ የታቀፍኩትን ገልጣ አየችና ፊቷ ልውጥ አለ። «ኢማ፣ እንደምትሠሪ አልነገርሽኝም እኮ» አለችኝ። «ገመድ ሙሽራ አይደለም ስትይ ነበር። አንቺን መጠየቅ ፈራሁ።» ልጄ እኔን መጠየቅ ፈራች። ሰዉ ሁሉ እያየን፣ ስፌቴን መልሼ በነጠላው መጠቅለል ጀመርኩ።

ጠጅቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። የኔን ስፌት ተቀብላ ገለበጠችና ጀርባውን አየች፣ ጎሽም አላለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ የራሷን ክር እየፈታች አወረደችው። «አጥሯል፣ ክንዴ አርጅቶ አሳሳተኝ፣ ሶኬቱ ጋ አልደረሰም» አለች። ደርሷል። ቆሜ አይቼዋለሁ፣ እንደ ልክ ጫማ ነው የገጠመው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ የኔ ተሰቀለ፣ አማቼ ግሩም ነው ብሎ ሳመኝ። አሸነፍኩ እንግዲህ። ትንሽ ቆይቼ ነጠላዬን ላስቀምጥ መኝታ ቤት ብገባ፣ አቪቫ የጠጅቱን ስፌት አልጋዋ ራስጌ ላይ ስትሰቅለው አገኘኋት። እናቴ ትቀየመኛለች ብላ በር ዘግታ ነው የምትሰቅለው። ያላየሁ መስዬ ወጣሁ። እንግዳ የሚያየው ሳሎን የኔ ሆነ፣ ልጄ ነቅታ የምታየው የሷ።

ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መልኬ ከፊት ተቀምጦ ያንቀላፋል። መታገሥ አልሆነልኝም።

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«እታለም፣ በግድግዳ ልከራከርሽ?» አለችኝ። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። «ምጧን አንቺ ነሽ ያማጥሽ። እኔ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንቺ እስክትመጪ ያለውን ነው የጠበቅኋት። እሱን አትውሰጂብኝ።»

ቅናቴ ያን ለት የበረደ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ባሰበት እንጂ አልበረደም። ስፌት ቢሆን እጄን አፍታትቼ እደርስባት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ከየት አባቴ አምጥቼ ልፎካከራት? የራሷን ሥራ በሰው ፊት አውርዳ፣ ውሸቱንም በራሷ ክንድ አሳብባ፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አላነሣችብኝም። ጠዋት በወስፌዋ እጀታ ቷ ቷ አድርጋ እንዴት አደርሽ ትለኛለች፣ እኔም ደኅና እላታለሁ።

ከዚያ ጠጅቱ ታመመች። አቪቫ ከሥራዋ እየወጣች በየቀኑ ትመጣ ጀመር። ወደኛ በር ሳይሆን ወደ ፊት ለፊቱ። ሾርባ ሠርታ ይዛ፣ ልብስ ለውጣ፣ መድኃኒት አውጥታ፣ ስትጨርስ ወደኔ ብቅ ብላ ትስመኛለች። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ፣ ልጄ በርከክ ብላ የጠጅቱን እግር በሳፋ ስታጥብ አየሁ። እግሯን አጥባ አደራረቀችና ሳመችው። በታመመ ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ቤቴ ገብቼ የራሴን እግር ቁጭ ብዬ አየሁት፣ በፋብሪካ ወለል ያበጠውን።

ለቅሶው እዚያው በሯ ላይ፣ በሬ ላይ ማለት ነው፣ ሆነ። ወንዶቹ ከወንድሟ ልጅ ጋር ግቢው ውስጥ ድንኳን ሥር ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ሳሎኗን ሞላነው። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። እማማ ድንቄ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ናታንያ ውስጥ ባገራችን ወግ ሙሾ የሚያወርዱ እሳቸው ናቸው። ሙሾ ደግሞ ስም ይፈልጋል፤ የሞተች ሴት የእገሌ እናት እየተባለች ነው የሚለቀስላት። እማማ ድንቄ ድምፃቸውን ሊያነሡ አሉና ቆሙ። ዙሪያውን አዩ።

«የማን እናት ብዬ ላልቅስላት?» አሉ።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። አንዷ ቀስ ብላ «መካን ነበረች እኮ» አለች፣ ያቺን ቃል እዚያ ቤት ውስጥ አለቻት። አቪቫ ከወዲያኛው ጥግ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተቀምጣለች። ወደኔ አላየችም። እንዳላየች ሆና እንደምትጠብቀኝ ግን አውቃለሁ፤ ወልጃታለሁ። እሷ ልትናገረው አትችልም። እናቷ በሕይወት ቁጭ ብላ እያለች የእሷ እናት ሞተች ተብሎ ቢለቀስ ሟርት ነው፣ እናትን መቅበር ነው ይላሉ ያገራችን ሰዎች። እኔም እፈራዋለሁ። የያዘኝ ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ያው የድሮው ነገር ነው። ይህንንም ልስጣት? ሞታም ይህንን?

«የአቪቫ እናት ይበሏት» አልኩ።

እማማ ድንቄ ያልሰማሁ መሰለኝ ብለው ዘንበል አሉ። «ብርቄ፣ አንቺ እያለሽ?»

«እኔ እያለሁ። የአቪቫ እናት ናት፣ ይበሏት።»

አሮጊቷ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው «የአቪቫ እናት» ብለው አወረዱት። ልጄ ያን ጊዜ ነው ከጥጉ ተነሥታ ፍራሹ ላይ የወደቀችው። ሄጄ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ለአቪቫ እናትም አብሬያት አለቀስኩ።